ከውስጥ የሚከፈት መስኮት

በዚያ ክረምት ዝናቡ ቶሎ ገባ፤ ሥራው ቶሎ ወጣ። ፋብሪካው ሠራተኛውን እኩሌታውን አሰናበተ። ከዚያ ሌባ በዛ። መጀመሪያ የተሰጣ ልብስ ከገመድ ላይ ሄደ። ቀጥሎ የመኪና ስፖኪዮ፣ ቀጥሎ ባትሪ፣ ቀጥሎ ጎማ። አንዱ ጎረቤት ጠዋት ሲወጣ መኪናውን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ፖሊስ መጥቶ ድንጋዮቹን አይቶ ሄደ። ሰዉ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። ሥራ ያልጠፋበት ብረት ሠሪ ብቻ ነበር፤ ሁሉም መስኮቱን በፍርግርግ ማጠር ፈለገ።

የሰፈሩ በያጅ ግን ፍርግርግ አይሠራም። አልጋ ይሠራል፣ መሰላል ይሠራል፣ የተሰበረ ወንበር ይበይዳል። ፍርግርግ የሚል ሰው ሲመጣበት መነጽሩን ከዐይኑ ሳያነሣ «እሱን ሌላ ጋ ጠይቅ» ይላል። ሰፈሩ ምክንያቱን ስለሚያውቅ አይጨቀጭቀውም።

ምክንያቱ ብየዳ ቤቱ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የተጣመመ ፍርግርግ ነው። ድሮ ሌባ ፈርቶ ለገዛ ቤቱ የሠራው፣ ከግንቡ ጋር አንድ አድርጎ እንዳይነቀል የቀበረው። ቤቱ የተቃጠለ ቀን እሱ ሥራ ላይ፣ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ውስጥ ነበሩ። በሩን እሳቱ ያዘው፣ መስኮቱን ብረቱ ያዘው። ጎረቤቱ የታክሲ ሾፌር ሰንሰለት ከታክሲው ኋላ አስሮ፣ ጫፉን ከፍርግርጉ ጋር አቆላልፎ ነዳ። ብረቱ ከነግንቡ ተነቀለ። ሾፌሩ ገብቶ ሕፃኗን ይዞ ወጣ። ለእናቷ አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ በያጁ አላለቀሰም፤ አልሳቀም። ሌላው ሲስቅ አፍ አፉን ያያል። የታክሲው የኋላ መከላከያ፣ ፓራውልቱ፣ ያን ቀን እንደጎበጠ ነው። «ላቃናልህ» ባለው ቁጥር ሾፌሩ «ይቆይ» ይለዋል። አልጋ ልሥራልህ ቢለው «ይቆይ»። በር ቢለው «ይቆይ፤ ቀን አለው»።

ቀኑ በዚያ ክረምት መጣ። ሾፌሩ ዝናብ እያንጠባጠበ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ፍርግርግ ሥራልኝ» አለ።

በያጁ የያዘውን አስቀመጠ። «ሌላ ነገር ጠይቀኝ።»

«ሌላ ነገርማ ስንቴ ልሥራልህ አልከኝ! ሁሉን ተቀብዬህ ቢሆን ቤቴ ይኼኔ የብረት መጋዘን ነበር። አሁን የምፈልገው ይኼን ነው።»

«አልችልም።»

«እናቴ መስኮቱ ሥር ነው የተኛችው፣ እግሯ አይሄድም። እኔ ታክሲዬን ስጠብቅ እዚያው ውስጡ ነው የማድረው። እሷን ማን ይጠብቃት? ገብቼ ከእሷ ጋ ብተኛ ደግሞ ታክሲው ይሄዳል። እሱ ከሄደ ምን ይዤ መድኃኒቷን እገዛለሁ? ፍርግርጉን አጥብቀህ ሥራልኝ፤ ታክሲውንም በሰንሰለት እሱ ላይ አስረዋለሁ። ለቤትም ለመኪናም ሆነ ማለት ነው።»

በያጁ አየው። «መኪና ከፍርግርግ ጋር ታስሮ ሲነዳ ምን እንደሚሆን ላንተ ልንገርህ?»

ሾፌሩ ፊቱን ከዝናቡ ጠርጎ፣ «እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ያንተ ነገር» አለ። «አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። ዛሬ ጠየቅሁህ።» ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ያቺ ከእሳቱ የወጣችው ልጁ ከሥራ ስትገባ በያጁ ብየዳው ጠፍቶ፣ መነጽሩን እንዳደረገ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ጎረቤታችን ፍርግርግ ሥራልኝ አለኝ።»

ዣንጥላዋን አጠፈች። «ሥራለታ።»

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው?»

«እኔ ካላልኩ ማን ይበል?»

በማግስቱ ሜትሩን ይዞ ሾፌሩ ቤት ሄደ። አሮጊቷ በሩ ሲንኳኳ ከአልጋቸው ተጣሩ።

«ማነው? ሌባ ከሆንክ አልጋው ብቻ ነው የቀረው፤ እሱንም ከነእኔ ውሰደው።»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። እጅዎን ወደ መስኮቱ ይዘርጉልኝ።»

«ምን ልትሰጠኝ?»

«ምንም። ይዘርጉት ብቻ።»

ዘረጉት። ጣታቸው የደረሰበትን በጠመኔ ምልክት አደረገ። ከዚያ ወጥቶ እንደ ሌባ ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ክንዱን እስከ ትከሻው ወደ ውስጥ ሰደደ። ምልክቱ ጋ አልደረሰም። ሾፌሩንም አስሞከረው።

«እኔ አልደረስኩም። ሌባው ከእኔ ቢረዝምስ?»

«መቀርቀሪያውን በላሜራ እከልለዋለሁ። ከውጭ አይያዝም፤ ከውስጥ ይከፈታል።»

«ለሌባ በር ልትሠራ ነው።»

«ለእናትህ ነው።»

ሾፌሩ የሜትሩን ጫፍ ያዘለት።

በያጁ የተጣመመውን ብረት ከጀርባ ጎትቶ አመጣው። የቆመበት ቦታ ሣሩ ነጥቷል። ሲቆርጠው አንድ ነገር ይሰማኛል ብሎ ነበር። ምንም አልተሰማውም። የተቃጠለ ብረት ሸተተው፣ እንደማንኛውም ቀን። የቀናውን ማጠፊያ ላለው ፍርግርግ አደረገው። ያልቀናውን አንድ ላይ በይዶ ምሰሶ አወጣና፣ ከሾፌሩ መስኮት ፊት ለፊት ከግንቡ አርቆ መሬት ውስጥ በሲሚንቶ ቀበረው። ሰንሰለቱ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው።

ፍርግርጉን ገጥሞ ሲጨርስ፣ «እማማ፣ ይክፈቱት» አለ።

ከፈቱት።

«ይዝጉት። አሁንም ይክፈቱት።»

ደጋግመው ከፈቱ፤ ደጋግመው ዘጉ። በመጨረሻ እጃቸው ዛለ። «አንተ ልጅ፣ የምከፍተው ለራሴ ነው ወይስ ላንተ?» አሉት። እሱ «እንደገና» አለ።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አንድ ጠዋት በያጁ ሾፌሩ ደጅ ሰው ተሰብስቦ አገኘ። ታክሲው ቆሟል። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት እስከ ግማሹ ተገዝግዟል። ምሰሶው ተቧጭሯል፤ አልተነቃነቀም። አሮጊቷ በመስኮታቸው አንገታቸውን አውጥተው ያወራሉ።

«ሲገዘግዙ ሰማሁ። ይኼን ልጄን ብጠራው፣ ስንት ጊዜ ያልተኛውን እንቅልፍ ባንዴ ሲተኛ ግንድ ሆኗል። ወዲያው መስኮቴን ከፍቼ ፖፖዬን ከነያዘው ለቀቅኩባቸው!»

«ምን ይዞ ነበር?» አለ አንዱ።

«ሽቶ!»

ሰዉ ሳቀ። በያጁ አፍ አፋቸውን አየ። ከዚያ ተከፍቶ የቀረውን ፍርግርግ አየ፤ እሱን ረጅም ጊዜ አየው።

ሾፌሩ ምሰሶው ሥር ቁጢጥ ብሎ ነበር። ጉብጠቱን በእጁ ዳሰሰው።

«ያ ብረት ነው?»

«ያው ነው።»

ሾፌሩ ቀና አላለም። በያጁ ወደ ታክሲው ኋላ ዞሮ እንደልማዱ፣ «ፓራውልቱን ላቃናልህ?» አለ።

«አቃናው» አለ ሾፌሩ። «ግን በክፍያ ነው። ከእንግዲህ በነጻ አልቀበልህም። ብድርህ ደርሶኛል።»