ጀንበሬ ራሱ ሲጠየቅ

ገበያነሽ በጅቡቲ ከተማ ዳር ባለችው ባልባላ ለኢትዮጵያውያን የከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ እየሠራች የምትኖር የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። ከታናሽ ወንድሟ ከጀንበሬ በቀር ዘመድ የላትም። ጀንበሬ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ግን ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። እናታቸው ስትሞት አደራ ብላ የሰጠቻት እሱን ነበር፤ ከአገር ስትወጣም እጁን ይዛ ወጣች።

የከባድ መኪና ሹፌር የነበረው ባሏ አለምሰገድ በሕይወት ሳለ ጀንበሬን እንደ ባልንጀራ ነበር የሚያየው። ሊጭን ወደብ ሲወርድ ከጎኑ ያስቀምጠዋል፣ ጥሩምባውን ያስነፋዋል። ከሁለት ዓመት በፊት አለምሰገድ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው የዲኪል መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። የቀብሩ ዕለት ገበያነሽ ወንድሟን ጎረቤቷ ሲምቦ ዘንድ ትታው ሄደች። "አይችለውም" አለች። ሲጠይቃትም "ጋሼ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል" አለችው። ሁለተኛ አልጠየቃትም። አንድ ቀን ግን የመኪናውን መንገድ ይዞ ብቻውን ሲሄድ ስላገኙት፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች።

ማይሙና የመጣችው በአንድ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ድሬዳዋ ያደገች የጅቡቲ ልጅ ናት። የምትሠራበት ማኅበር የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ኑሯቸው እንዴት እንደሆነ ቤት ለቤት ይጠይቃል። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ የቤተሰቡ፣ ሌላው የራሱ የሰውየው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከሦስት ሥዕሎች አንዱ ይመረጣል፦ የሚስቅ ፊት፣ ዝም ያለ ፊት፣ የከፋው ፊት።

ገበያነሽ የራሷን ቶሎ ጨረሰች፤ ሁሉም ላይ የሚስቀውን ፊት መረጠች።

"እኔ እየራበኝ እሱ ጠግቦ ነው የሚያድረው። ምን ይጎድልበታል ብለሽ ነው ልጄ?"

"ልክ ነዎት እትዬ። አሁን ደግሞ እሱ ይንገረኝ። እርስዎ ግን አይመልሱለት።"

"እሱ ምን ያውቃል ብለሽ!"

ማይሙና ሥዕሎቹን ጀንበሬ ጉልበት ላይ አኖረች። ስለ ምግቡ ስትጠይቀው የሚስቀውን ነካ። ስለ መኝታውም እንደዚያው። ገበያነሽ ደስ አላት።

"ልብስህን ማን ይመርጥልሃል?"

"እታለም።"

"ስትፈልግ ከቤት ትወጣለህ?"

ጀንበሬ በሩን አየ። ከዚያ ጣቱን የከፋው ፊት ላይ አሳረፈና ሳያነሳው ቆየ።

"መኪና እንዳይገጨው ብዬ ነው" አለች ገበያነሽ። ማይሙና ቀና ሳትል የእሱን መልስ መዘገበች።

"ሲከፋህ ለማን ትነግራለህ?"

"ለጋሼ አለምሰገድ።"

"ጋሼ ሩቅ ነው ያለው" ብላ ገበያነሽ ጣልቃ ገባች። "ሲመጣ ትነግረዋለህ።"

ጀንበሬ እሷን ሳይሆን ማይሙናን እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ ሞቷል።"

ገበያነሽ ወደ እሱ ዞረች። "ማን ነገረህ?"

"ሹፌሮቹ መጥተው አለቀሱ። አንቺ ጥቁር ለበስሽ። ጫማውን ለሰው ሰጠሽ። ጋሼ ጫማውን ትቶ አይሄድም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ፣ ወንድሜ?"

"አንቺ ታለቅሻለሽ። እኔ በሩ ሲቆለፍ አለቅሳለሁ። ስትመጪ እተዋለሁ።"

እሷም ከሹፌሮቹ ድስት አጠገብ በጭሱ እያመካኘች ስታነባ ነበር የኖረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ካንዱ ተደብቀው አልቅሰዋል።

"የኔን መልስ ሰርዢው" አለቻት ማይሙናን።

"አይሰረዝም እትዬ። እርስዎም አልዋሹም። የእርስዎና የእሱ መልስ እንዳልተገጣጠመ ነው የምጽፈው።"

በማግሥቱ አርብ፣ የአገሩ የዕረፍት ቀን ስለሆነ፣ ሥራ አልነበረም። ገበያነሽ "ልብስህን ራስህ አውጣ" አለችው። በዚያ ሙቀት ወፍራም ሹራብ መዝዞ ለበሰ፤ ቀይር አላለችውም። ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ክርስቲያኖች መቃብር ሄዱ።

"እዚህ ነው?"

"እዚህ ነው።"

ጀንበሬ መዳፉን ሲሚንቶው ላይ አደረገና ወዲያው አነሳው። "ይሞቀዋል" አለ። ጥላው መቃብሩ ላይ እንዲያርፍ ዞሮ ቆመ፤ ላቡ በሹራቡ ውስጥ እየወረደ አልነቃነቅ አለ።

"ያን ቀን ሰው ብዙ ነበር?"

"ብዙ ነበር።"

"እኔ ብቻ አልነበርኩም።"

ገበያነሽ እግሩ ሥር ተንበረከከች። "ይቅር በለኝ" አለችው። እሱ ግን ዓይኑን ከመቃብሩ አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ሲምቦ ጋ ትታ ትሄዳለች፤ ጀንበሬ ሲያንኳኳ ሲምቦ ከፍታ ይዛው ትወጣለች። ሲምቦ ራሷ ሥራ ያገኘች ቀን ግን በሩ ሳይከፈት ይውላል፤ መንገዱ ቅርብ ነው፣ መኪናው ብዙ ነው፣ ሌላ የሚይዘው ሰው የለም። በእነዚያ ቀናት ገበያነሽ ስትመለስ ዓይኑ አብጦ ታገኘዋለች። እንባውን አይደብቃትም። እሷም "ተው" አትለውም፤ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አብራው ታለቅሳለች።