ዝም ያለው ቆጣሪ

«አልነካሁትም! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«አንተ ካልነካኸው መሰላሉ ብቻውን ተነሥቶ ሄዶ ነካዋ!» አለች የሚስቱ ታላቅ እህት፣ ስልኳን አፍንጫው ድረስ አስጠግታ። «ይኸው፣ እየው። ትናንት ምድጃውን የከፈታችሁት መቼ ነው?»

«ከምሳ በኋላ።»

«ከምሳ በኋላ መንገዱ በጭስ ታውሮ ነበር። ልብስ ያሰጡት ሴቶች ሲራገሙ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የኔ ቆጣሪ ግን ምን ይላል? ተራራ ጫፍ ላይ የሰቀልኩት ነው የሚመስለው። ንጹሕ አየር!»

ሚስቱ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ «ቀስ በይ፣ እማዬ ትሰማለች» አለች። «እሱ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም» ግን አላለችም። እሱ ደግሞ ሲጠብቅ የቆየው ያቺን አንዲት ቃል ነበር።

ሰውየው ከመንገዱ ማዶ ባለው ብረት ማቅለጫ የምድጃ ሠራተኛ ነው። የሚስቱ እህት ቤቱ ሥር ባለችው ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ስልክ ትጠግናለች፤ ሰፈሩ ስሟን ከረሳው ቆይቷል፣ ጠጋኟ ነው የሚላት። ከላይኛው ፎቅ፣ ለመንገዱ ፊቱን በሰጠው ክፍል፣ የእህትማማቾቹ እናት ይኖራሉ። ደረታቸው ታሟል። ሐኪሙ ከዚህ አየር ይራቁ ካለ ወዲህ ሩቅ ከተማ ያለው ወንድ ልጃቸው አልጋ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። አሮጊቷ ግን ከዚህ ቤት እግሬን አላነሣም ብለዋል።

ጠጋኟ የጭሱን ብናኝ የሚቆጥር መሣሪያ መሥራት የጀመረችው ያኔ ነው። ከተበላሸ ኮምፒውተር ትንሽ ማራገቢያ ፈታች፤ ከአሮጌ ስልክ ባትሪ ወሰደች። ብናኙን በብርሃን ጨረር የምትቆጥረውን፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጠውን ዳሳሽ ብቻ ገዛች። ማራገቢያው አየሩን ይስባል፣ ዳሳሿ ትቆጥራለች፣ ቁጥሩ ወደ ስልኳ ይመጣል። ነጩን የውሃ ቱቦ በመጋዝ የቆረጠው ግን ሰውየው ነው። ዝናብ እንዳይገባበት አፉን ወደ ታች ያዞረውም፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ከአሮጊቷ መስኮት ሥር የሰቀለውም እሱ ነው። ያን ቀን ጠጋኟ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «አቶ ጭስ፣ እጅህ ወርቅ ነው» ብላው ነበር። አሁን «አቶ ጭስ» ስትለው ሌላ ነገር ይሰማዋል።

ቆጣሪው መጀመሪያ ላይ በደንብ ሠርቷል። ጤና ጣቢያው ካለው ውድ መሣሪያ ጎን አስቀምጠውት ሁለቱ ተቀራራቢ ቁጥር ሲሰጡ ጠጋኟ እንደ ሕፃን ዘልላለች። ጉም ባለበት ማለዳ ቁጥሩ በውሸት እንደሚያሻቅብ አውቃ ያንንም ታስተካክል ነበር። ከዚያ በድንገት ዝም አለ። ማራገቢያው ሲዞር ይሰማል፣ ቱቦው ከታች ሲያዩት ደኅና ነው፣ ቁጥሩ ግን ወርዶ ቀረ። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሰፈርተኛውና የከተማው ተቆጣጣሪ ይሰበሰባሉ። ቁጥሩ ካሳመነ ማቅለጫው ጭስ ማውጫው ላይ ማጣሪያ ይገጥማል። ካላሳመነ አሮጊቷ ይሄዳሉ።

እዚያ ከፍታ ላይ መውጣት የሚችል ደግሞ ከእሱ በቀር ማን አለ? ጠጋኟ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ሚስቱ መሰላል ስታይ ያዞራታል።

ሥራ ቦታም አልቀናውም። አለቃው ሰሞኑን ጠርቶት «ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለችው ነጭ ነገር ምንድን ናት?» ብሎት ነበር።

«የውሃ ቱቦ ናት።»

«ውሃ የማይወርድባት?»

ከዚያ ወዲህ ዘበኛው ሲገባም ሲወጣም ቦርሳውን ይበረብራል። ፋብሪካ ሲገባ የቤቱ ሰላይ ነው፣ ቤት ሲገባ የፋብሪካው። የሚተነፍስበት ቦታ ያጣ መሰለው።

ይባስ ብሎ እሱም ሰው መጠርጠር ጀመረ። ሚስቱ በቀደም ተኝተው ሳሉ «ቁጥሩ ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚያባርሩት አንተን አይደል?» ብላው ነበር። ያኔ ለእሱ ማዘኗ መስሎት ነበር። አሁን ቃሉን ደጋግሞ እያገላበጠ፣ ሽንኩርት የምትከትፍበትን እጅ በጎን ያየዋል። መሰላል ያዞራታል? ማን አየ?

በማግስቱ ፈረቃውን ጨርሶ ሲመጣ ቤቱ ጭር ብሏል። መሰላሉን አቆመና ወጣ።

የቱቦው አፍ ካልሲ ለብሷል።

ነጭ፣ ስስ የሴት ካልሲ ነበር፤ እጥፋት ሳይኖረው ተወጥሮ በላስቲክ ታስሯል። ከታች ሆኖ የሚያይ ከቱቦው ሊለየው አይችልም። አፉ ላይ ያለው ጨርቅ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። ጠርዙ በእጅ ተቀምቅሟል፣ ጥቃቅንና ቀጥ ባለ ስፌት። ሰውየው ያን ስፌት ያውቀዋል። እዚህ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ የጋዙ ሲሊንደር ጉርድ ታጥቋል፣ ሪሞቱ እንኳ ከነላስቲኩ ነው የሚኖረው። አማቱ አቧራ የነካው ዕቃ ሲያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ሳቁ አመለጠው። ለካ ሚስቱን የጠረጠራት በከንቱ ነው! የዚያኑ ያህል ደግሞ አፈረ።

መስኮቱ ተከፈተና የአሮጊቷ ራስ ብቅ አለ። «ምነው ልጄ፣ ምነው ገፈፍክባት? አቧራ ይገባባታል እኮ!»

«እማማ፣ አቧራውን እንድትቆጥር አይደል እንዴ የሰቀልናት?»

«ትቁጠራ! ለመቁጠር መቆሸሽ አለባት?»

«እርስዎ ነዎት ያለበሷት?»

«ታዲያ ማን ያስብላታል? እናንተማ ሰቅላችሁ ረሳችኋት። እጄን በመስኮት ዘርግቼ ነው...» ሳል አቋረጣቸው።

«ያዝኩህ!»

ድምፁ የመጣው ከታች ነው። ጠጋኟ ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ ሚስቱ ከጎኗ የገበያ ዘንቢል እንዳንጠለጠለች ቀርታለች። ሁለቱም የሚያዩት ፊቱን አልነበረም። እጁ ላይ ያለውን ካልሲ ነው።

እቤት ገቡ። አሮጊቷ ግድግዳ ተደግፈው ከላይ ወረዱ። «እኔ ነኝ አልኳችሁ» አሉ። «እሱ አሁን ነው ያያት።»

«እማዬ፣ ተይ» አለች ጠጋኟ። «የቁም ሳጥኑን መስታወት ሲሰብርስ እኔ ነኝ አላልሽም? በሩን ሳይዘጋ ሲያድርስ? ልጅሽ እሱ ነው፣ እኛ የእንጀራ ልጆች ነን።»

«የመስታወቱስ እውነት ነው፣ ዋሽቻለሁ። ይኼ ግን የኔ ነው። ስፌቱን አታዪም?»

«ከመሳቢያሽ አንሥቶት ነዋ! አውቆ ነው። በአንቺ እንዲላከክ ነው እንጂ የራሱን ካልሲ መቼ አጣ?»

«እውነታቸውን ነው» አለ ሰውየው። «ቀና ብዬ ሳይ...»

ሚስቱ ዘንቢሉን አስቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኑን አየችው፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «አለቃህ ምን ሊያደርግልህ ነው ቃል የገባልህ?»

ጠጋኟ ብትጮህ ይመልስላታል፤ ለምዶታል። ይህንን ግን በምን ይመልሰዋል? ትናንት እሱ ራሱ በልቡ የጠየቃት ይህንኑ የመሰለ ነገር አልነበረም?

የጠጋኟ ስልክ ጮኸ። አነሣችው።

«ቁጥሩ ተመለሰ! ኧረ ጉድ፣ ተመልከቱ፣ እየወጣ ነው!»

ከማዶ የማታው ፈረቃ ምድጃውን ከፍቷል። ሚስቱ ወደ ስልኩ ተጠጋች፤ አሮጊቷም በሁለቱ መሐል አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይኼ ሁሉ ደረቴ ውስጥ ነው የሚገባው?»

«አዎ እማዬ። ነገ ይኼን ፊታቸው ላይ ነው የምዘረጋው። ካልሲውንም ይዤ እሄዳለሁ፣ ማስረጃ ነው። የፋብሪካው እጅ እስከ ጓዳችን እንደገባ ይዩት።»

«የኔን ካልሲ? ተቆጣጣሪ ፊት? እንዲህ ጠቁራ?» አሮጊቷ ደነገጡ። «አጥቤ ልስጥሽ በይ!»

«እንዳትነኪያት!»

ሚስቱ ሳታስበው ሳቀች፣ ጠጋኟም ተከተለቻት፣ አሮጊቷ እየሳሉ ሳቁ። ሰውየው መሰላሉን ከደጅ አስገብቶ ጥግ ላይ አቆመው። ከሚስማሩ ላይ ካፖርቱን አወረደ። የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ዳንቴሉን በትንሹ ገለጥ አድርጎ አስቀመጠና ዳንቴሉን መለሰው። ወጥቶ በሩን ሲዘጋው እንዳይጮህ በእጁ ደግፎ ነበር።

«አሁንም ወጣ! አየሽው?» አለች ሚስቱ፣ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ።