ሳንቸኩል ወደ አንጋጫ

ወንድሜ አክሊሉ መሞቱን ከእናቴ በቀር መኪናው ውስጥ ያለነው ሁሉ እናውቅ ነበር። አጎቴ ገብረክርስቶስ ያውቃሉ፣ እኔ አውቃለሁ፣ ሹፌሩ ረሻድም ያውቃል። እናቴ ዓለሚቱ ግን ከረሻድ አጠገብ፣ የፊት ወንበር ላይ፣ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች።

ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ከጋረዳቸው ቆይቶ ነበር። ሰውን የምትለየው በድምፁ ነው። ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ሆሳዕና ስለመጣ፣ እዚያው ጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት የምሠራው እኔ የማውቀውን ሁሉ ለምኜ ወረፋ አስያዝኩላትና አንደኛው ዓይኗ ተሠራ። ፋሻው ተፈትቶ ያ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ሲደረግላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። «ጣቢታ፣ እንዲህ ከስተሻል እንዴ?» አለችኝ። እኔ የምስጋና ቃል ስጠብቅ! ሳቄ አላቆም አለኝ። በማግስቱ አጎቴ ከአንጋጫ መጡ።

ከአክሊሉ ጋር ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሰ አንድ የሰፈራችን ልጅ እግሩን አጥቶ ከኤርትራ ተመልሷል። አክሊሉን በእጁ እንደቀበረው ለሽማግሌዎች ተናግሯል። አጎቴ ይህን የነገሩኝ ጤና ጣቢያው ጓሮ፣ አንሶላ በሚሰጣበት ቦታ ነው። እንዳልጮህ አፌን በጋቢያቸው ያዙኝ። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ለጎረቤት ሕመምተኛ ስለ መነጽሯ ታወራ ነበር።

መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰው የሚረዳው በገዛ ቤቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወገኖቹ ከበውት ነው። ስለዚህ የአንጋጫ ሽማግሌዎች እንዲህ ወሰኑ፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ቤቷ ትግባ፣ እንቅልፏን ትተኛ፣ ጠዋት ታመው የሰነበቱት ጎረቤታችን፣ የእድሩ ዳኛው አያ ወልደ ሰንበት፣ ይንገሯት። ለሩቆቹ፣ ለሙዱላ ዘመዶቻችን፣ ጎህ ሳይቀድ እንዲደርሱ ተላከባቸው። የእኔ ሥራ እስከዚያ ድረስ ፊቴን መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የተናደድኩትንም የከፋኝንም መደበቅ የማልችል ቁጡ ነኝ፤ ይህን ሥራ ለእኔ መስጠት ቅጣት ነበር።

ቤንዚን በራሽን በሆነበት በዚያ ዘመን ላንድሮቨር ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ረሻድ ያገኘው ለአንድ ቀን ነው፤ እሱም ከጠዋት ጀምሮ። መንገዱ ቢበላሽም ሳይመሽ ያደርሰናል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ማምሸት ነው። አጎቴ ተጨነቁ። ዘዴውን ያመጣው ረሻድ ነው።

«እማማ ዓይናቸው ተከፍቶ የለ?» አለ። «እየቆምን አገር እናሳያቸዋ። አንቸኩልም።»

መጀመሪያ የቆምነው ከሆሳዕና ወጣ እንዳልን ከተማዋ ወደ ኋላ የምትታይበት ኮረብታ ላይ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ክረምቱ ያጠበው አገር እስከ ጥግ ይታያል። እናቴ በረሻድ ክንድ ተደግፋ ወረደችና እጆቿን አፏ ላይ አደረገች።

«ይሄ ሁሉ ቆርቆሮ መቼ ነው የበቀለው?»

ከዚያ እንሰቱን፣ ባሕር ዛፉን፣ በሬዎቹን፣ ያየችውን ሁሉ በስሙ እየጠራች ሰላም ትል ጀመር። ሜዳው ላይ በመንደር ምሥረታ በመስመር የተተከሉትን ጎጆዎች ስታይ ግን ሳቋ መጣ። «ቤቱን እንደ ተማሪ ያሰለፈው ማን ነው? የእንሰት ጓሯቸውንስ የት ጣሉት?»

ረሻድ ግራ ቀኙን አየ። «እማማ፣ ይሄንን እንኳ መኪና ውስጥ ሆነው ይናገሩት» አላት።

እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ አፈር ውስጥ እያለ ሳቅሁ፤ ወዲያው ራሴን ጠላሁት።

ኬላው ላይ ሚሊሻው የይለፍ ወረቀታችንን ተቀብሎ «ለምን ጉዳይ ነው የምትሄዱት?» ሲል ጮክ አድርጎ ጠየቀ። አጎቴ ዘለው ወርደው ክንዱን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱትና በጆሮው ነገሩት። ሚሊሻው ተመልሶ መጣ፣ ቆቡን አወለቀ፣ እናቴን ትንሽ አያትና ገመዱን ራሱ ዝቅ አደረገው። «በሰላም ግቡ፣ እናቴ» አላት።

«አቤት ጨዋነት!» አለች እናቴ ካለፍን በኋላ። «ሚሊሻ ሁሉ ክፉ ነው ትላላችሁ። አክሊሉም አሁን የሆነ ቦታ ቆሞ ለአንዲት እናት እንዲሁ ቆቡን ያወልቅላት ይሆናል።» ረሻድ ሳያስፈልግ ማርሽ ቀየረ።

ሁለተኛ የቆምነው ሀምበሪቾ ተራራ ሙሉ በሙሉ ፊት ለፊት የሚታይበት መታጠፊያ ላይ ነው። በልጅነቷ እንጨት የለቀመችበት ተራራ ነው። ሳሩ ላይ ተቀምጣ አየችው። ቀጥላ መዝሙር ማዜም ጀመረች፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ በቤት ውስጥ በሹክሹክታ የምንዘምረውን ነው። አጎቴ መንገዱን እያዩ «እታለም፣ ቀስ» አሏት።

«ቀስ እያልኩ ነው» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞረች። «ታውቂያለሽ ጣቢታ፣ ወንድምሽን የወሰዱት ቀን ፊቱን አላየሁትም። ጥላ ነው የሳመኝ። ጉንጩን በእጄ ዳበስኩት፤ ጢም ጀምሮታል። እንግዲህ ሲመጣ አየዋለሁ። ያንን ሐኪም እንዲቆርጠኝ የፈቀድኩለት ለሌላ መሰለሽ? ለተራራ?»

ከመኪናው ጀርባ ሄድኩ፤ አጎቴ ተከተሉኝ።

«እነግራታለሁ» አልኳቸው። «ይበቃኛል። ልጇ ሞቷል፣ እኛ ሽርሽር እናዞራታለን። ይሄ ምን ዓይነት ደንብ ነው?»

«እዚህ ብትነግሪያት ማን ይይዛታል? እኔ፣ አንቺና ሹፌር?» አሉ። «ጣቢታ፣ ዛሬን ትሳቅ። ከነገ በኋላ መቼ እንደምትስቅ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ ተመለስኩ። እናቴ ዓይኔን አይታ «አቧራ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አንጋጫን አልፈን ከሰፈራችን በላይ ካለው ዳገት ደረስን። ከዚያ መኪናው ዞሮ ዞሮ ነው የሚወርደው፤ የእግር መንገዱ ግን ቀጥ ብሎ እናቴ ደጅ ያደርሳል። አሁንም ትንሽ ሰዓት ስለቀረን ረሻድ ለመጨረሻ ጊዜ አቆመ። «ከዚህ ደግሞ ቤትዎን ይዩት፣ እማማ» አላት።

ወርዳ ቆመች። እኔ ቀድሜ ልይ አላልኩም፤ አጎቴም ጎማውን ያዩ ነበር።

«ከቤቴ በላይ ሜዳው ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለች። «ሰው ነው… ፈረሰኛም አለ። ገብረክርስቶስ፣ ና እስቲ እይልኝ፤ ለቅሶ አይደለም?»

ለቅሶ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ድረሱ የተባሉት የሙዱላ ዘመዶቻችን እንዳያረፍዱ ፈርተው በዋዜማው ደርሰዋል። ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ደግሞ ቁጭ በል ቢባል እሺ አይልም፤ ሜዳ ወጥቶ ፈረሱን ያዞራል፣ የአገሩ ሰው አብሮት ያለቅሳል። በጊዜ እንዲደርሱ ስንል ጠርተን፣ እሷን ደግሞ እንዳትደርስ መንገድ ላይ አቁመን፣ ሁሉንም ከሚያሳየው ዳገት ላይ አመጣናት። ዓይኗን ያሠራሁላትም እኔ ነኝ።

«ወይኔ፣ አያ ወልደ ሰንበት!» ብላ ጮኸች። «አልጋ ላይ ትቻቸው ነው የሄድኩት። ሞቱ!»

አጎቴ ወደ እሷ ተራመዱ። «እታለም…»

«ዝም በል! አገር ሲያለቅስ እኔን ተራራ ታሳዩኛላችሁ? ለቅሶ እያየሁ ላልፍ ነው? ሰው ምን ይለኛል፤ ጎረቤቷ ሞቶ በመኪና ስትንሸራሸር ይበለኝ?» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። «መኪናችሁ ሲዞር ይዋል። እኔ በእግሬ እወርዳለሁ።»

ወረደች። ሊያስቆማት የሚችለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ በመንገድ አይነገርም። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው እንደቆሙ ቀሩ። እኔ ተከተልኳት።

ግማሽ መንገድ ላይ ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶ አዋቂ ናት፤ ደረቷን እየመታች ስማቸውን እየጠራች ወረደች። «ወንድሜ ወልደ ሰንበት፣ ልጄን ሲወስዱብኝ ከእኔ ጋር ያለቀስክ! ቤቴ ሲያፈስ የከደንክልኝ! አክሊሉ ሲመለስ ማን ይመርቅልኛል? ልጄ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?» ከኋላዋ ሆኜ እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ። እንዳልወድቅ የእንሰት ግንድ እየያዝኩ ነበር የምሄደው።

ሜዳው ዳር ስንደርስ ሰዉ እኛን አየ። አዲስ ለቀስተኛ ሲመጣ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚቀበለው። እነዚህ ግን ዝም አሉ። ፈረሶቹ ቆሙ። ትርፌ፣ የሙዱላዋ አክስቴ፣ የምታለቅስበትን አፏን በእጇ ከደነች። እናቴ ጥቂት ርምጃ እያለቀሰች ሄደችና የራሷን ድምፅ ብቻ ስትሰማ እሷም ቆመች።

ከሰዉ መካከል አንድ ሽማግሌ ወጡ። ጋቢ ደርበዋል፣ ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸዋል፣ በበትራቸው መሬቱን እየፈለጉ ወደ እናቴ ይመጣሉ። አያ ወልደ ሰንበት ናቸው።

እናቴ አየቻቸው። ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። ከዚያ ሰዉን አንዱን ከአንዱ እየለየች አየች፤ ከሩቅ የመጡት ሁሉ የእሷው ዘመዶች ናቸው። በመጨረሻ ዞራ እኔን አየች። ፊቴን መጠበቅ አልቻልኩም። እየጮህኩ አለቀስኩ፤ ከጤና ጣቢያው ጓሮ ጀምሮ ውስጤ የታፈነው ሁሉ ወጣ።

አያ ወልደ ሰንበት ለጠዋት ያዘጋጁት ቃል ነበራቸው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

እናቴ መነጽሯን በሁለት እጇ አወለቀች። አጠፈችና መዳፌ ውስጥ አኖረችው።

«ፊቱን ሳላየው፣ ጣቢታ» አለችኝ። «ፊቱን ሳላየው።»

ከዚያ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፣ እንደ ድሮው እየዳበሰች፣ ወደ ለቅሶው ገባች።