ኮምፒውተሩ የማያውቀው ዋስ

ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። አባባ አምባው ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታቸው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። የባለቤታቸው የሸጋዬ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ እስከ እኩለ ቀን ካልተረጋገጠ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ከጤና መድን ድርጅታቸው ከኩፓት ሆሊም መልእክት ደርሷቸዋል። ገጹ ግን አልከፈት አለ። «ይህ ግንኙነት አይታመንም» ይላል፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ቢሆንም ግባ» የሚል አለ።

እጃቸውን ሰበሰቡና ኤመቅ ሳራ በሚባለው የሥራ ሰፈር ኮምፒውተር ለሚጠግነው የልጅ ልጃቸው ለማታን ደወሉ።

«እንዳይጫኑት፣ አባባ። የመግቢያ ኮዱን ይንገሩኝና እኔ ከዚህ ላረጋግጥ።»

«ለማንም አይንገሩ፣ ለእኔም ቢሆን ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ማታን ሳቀ። «ቤሴደር፣ እሺ። ኮምፒውተሩ የሚያምናቸው ዋሶች አሉት። ገጽ ሲመጣ ዋሱን ይጠራል። የኩፓት ሆሊም ገጽ ዋሱን ቀይሮ ይሆናል፤ የእርስዎ ኮምፒውተር አዲሱን አያውቀውም።»

«እኛም አገር እንግዳ ሲመጣ የማን ዘር ነህ ይባላል። የጠራውን ስም የሚያውቅ ከጠፋ እህል ይሰጠዋል፣ ልጅ ግን አይዳርለትም።»

«እንደዚያ ነው። ግን የዋሶቹን ዝርዝር በየሳምንቱ እንዲያድስ አድርጌው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ማንም በማይነካው ሰዓት።»

አባባ አምባው ወደ ግድግዳው ሶኬት አዩ።

«እኔ እኮ ዓርብ ማታ፣ ሰንበት ሳይገባ እነቅለዋለሁ። እሱም ይረፍ ብዬ።»

«ሁልጊዜ?»

«ካመጣህልኝ ጀምሮ።»

ማታን፦ «ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለና የትኛውን እንደሚጫኑ አንድ በአንድ ነገራቸው። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለ መርዘም ጀመረ።

ሸጋዬ በረንዳ ላይ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ተቀምጣለች። «ከለከሉኝ እንዴ?» አለች።

«ዋስ እየጠሩልሽ ነው።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን ኖሬ ዛሬም ዋስ?»

መስመሩ ሞላ። ገጹን እንደገና ጠሩት፤ አሁን ያለ ማስጠንቀቂያ ተከፈተ። አባባ አምባው ስሟን ሁለት ጊዜ አንብበው «አረጋግጥ» የሚለውን ተጫኑ።

«ሰኞ ጠዋት ነው» አሏት።

«እሁድ መጥቼ እድሳቱን ወደ ረቡዕ አዛውረዋለሁ» አለ ማታን በስልኩ።

«ና። ስትመጣ አያትህን ሰላም በላት።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባባ አምባው እንደ ወትሮው ጎንበስ ብለው ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ነቀሉት።