ከነጋቢዋ የተመዘነችው ልጅ

ወይዘሮ ትርሓስ እንደሚሉት፣ ኣርያም ስትወለድ አንድ ኪሎ ተኩል ነበረች። እንደ ጫጩት በመዳፍ የምትያዝ፣ መላ አካሏ እርድ ውስጥ የተነከረ የሚመስል፣ ለልቅሶ እንኳ ድምፅ ያልተረፋት። «ያየ ሁሉ ማርያም ታውጣት ብሎ ነው የሄደው» ይላሉ።

ወይዘሮ የሺመቤት እንደሚሉት ግን፣ ኣርያም ስትወለድ አራት ኪሎ ከሩብ ነበረች። ጉንጯ የሞላ ቀይ ዳማ፣ ጩኸቷ ዘበኛውን ከበር ያስነሳ። «ቢጫ? የወፍ በሽታ የሚባል ነገር በእኛ ዘር ታይቶም አይታወቅ!»

ሁለቱም አያቶቿ ናቸው፤ ትርሓስ የእናቷ እናት፣ የሺመቤት የአባቷ እናት። ጎሮ ባለው የኣርያም ቤት ሳሎን ውስጥ የአንድ ሶፋ ሁለት ጫፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ተስፉ ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀርቷል።

ተስፉ መረጃ ሰብሳቢ ነው። የሚሠራበት ጥናት ከሰባት ዓመት በፊት የተወለዱ ልጆችን እየፈለገ፣ በተወለዱ ሰሞን ቢጫ ሆነው እንደነበርና ስንት ኪሎ እንደነበሩ ይመዘግባል፤ ዛሬ እድገታቸውና ጤናቸው፣ በተለይም ቢጫነት ሊጎዳው የሚችለው ጆሯቸው፣ እንዴት እንደሆነም ያያል። የመጨረሻዋ ልጅ ኣርያም ናት። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ክብደቷ በሆስፒታል ወረቀት ከተረጋገጠ፣ ነገ ጠዋት አትላስ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ጆሮዋን ትመረመራለች። ካልተረጋገጠ የለም።

እናቷ ሰምሃል ይህን ምርመራ ስትጠብቅ ወር ሆኗታል። የኣርያም አስተማሪ «አንዳንዴ ስጠራት አትሰማኝም» ብላለች።

ሰምሃል መድኃኔዓለም አካባቢ ካለው ቢሮዋ ደወለች፤ ተስፉ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። «እኔ በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት፤ ሳምንቱን ሙሉ ራሴን አላውቅም ነበር። ከዚያ ሁለቱ ሲነግሩኝ ሲነግሩኝ የራሴ ትዝታ የቱ እንደሆነ ጠፋብኝ። ወረቀቱ ደግሞ ቤቱ ቀለም ሲቀባ ጠፍቷል። በናትህ ተስፉ፣ የሆነ ነገር አድርግ። ሚቲንግ ልገባ ነው፣ ቻው!»

ወረቀቱ ሲነሳ ወይዘሮ ትርሓስ የነጠላቸውን ጥለት አትኩረው መመርመር ጀመሩ።

ተስፉ ማንንም ማስቀየም አይወድም። ለአፍታ ያህል ልቡ «ሁለቱን ደምረህ ለሁለት አካፍል» አለው። ከዚያ በራሱ አፈረ።

«እማማ የሺመቤት፣ አራት ኪሎ ከሩብ ያለዎት ማነው?»

«ሚዛን ነዋ! ከሆስፒታል በመጣች ማግስት በዓይኔ አይቼ።»

«የማን ሚዛን?»

«የእንድሪስ፣ የባለሱቁ። ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ደጅ አትወጣም፤ ስለዚህ ሚዛኑን ወደ ቤት አስመጣሁት።»

«የሽንኩርት ሚዛን!» አሉ ትርሓስ ወደ ኮርኒሱ እያዩ። «ልጅቷ ወገብ ላይ ልጣጭ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ወልውዬዋለሁ!»

«ራቁቷን ነው የመዘኗት?» አለ ተስፉ ቶሎ ብሎ።

የሺመቤት በድንጋጤ አዩት። «በነሐሴ ብርድ? አራስ ልጅ? አንተ ልጅ፣ እናት አላሳደገችህም እንዴ? ከነጋቢዋ ነው እንጂ!»

እስክሪብቶው ከአየር ወረደ።

«ከነጋቢዋ» አለ ተስፉ።

«ከነብርድ ልብሷም።»

ተስፉ ቦርሳውን ከፍቶ ልጆች የሚመዝንበትን ሚዛን አወጣ። «ጋቢው አለ?»

ጋቢው ነበረ። ለሁለተኛው የልጅ ልጅ ተብሎ ከነብርድ ልብሱ ታጥፎ ተቀምጧል። ተመዘነ፤ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ተስፉ ቀነሰ፤ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ሃምሳ።

የስሙን መነሳት በመስኮት የሰማው እንድሪስ ሱቁን ትቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ሚዛኔ አልዋሸም» አለ። «የዋሸው ጋቢው ነው።»

«ጋቢው ያኔ አዲስ ነበር፤ ቀለል ይል ነበር» አሉ የሺመቤት።

«አላልኳችሁም? ትንሽ ነበረች!» አሉ ትርሓስ።

«እርስዎ ግን አንድ ኪሎ ተኩል ነው ያሉኝ፤ በምን መዝነዋት ነው?» ቢላቸው ወደ ነጠላቸው ጥለት ተመለሱ። «ለነገሩ ይኼም ስሌት ቅጹ ላይ አይገባም። የሚፈለገው ወረቀት ነው።»

«ቢቀርስ?» አሉ የሺመቤት። «ልጅቷ እንደሆነ ምንም አልሆነች። ተመልከት!» ኣርያም ጀርባዋን ሰጥታቸው መስኮቱ ሥር ሥዕል ትሥላለች። የሺመቤት በግራዋ በኩል ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ፤ «ቸኮሌት።»

ኣርያም ተስፈንጥራ ተነሳች። «የታለ?»

«ኔትወርኳ ፉል ነው!» አለ እንድሪስ፤ ሁሉም ሳቁ።

ተስፉም ሳቀ። ግን ሰው ባናገራት ቁጥር ግራ ጆሮዋን ስታዞር ከገባ ጀምሮ ሲያይ ቆይቷል። ልጅቷ ወደ ሥዕሏ ስትመለስ በቀኟ በኩል ቁጢጥ አለና ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ያህል ቀስ ብሎ ተናገረ።

ኣርያም መሣሏን ቀጠለች።

ደገመው። ቀጠለች።

አሁን የሚስቅ ጠፋ።

«ምናልባት ኩክ ይሆናል» አለ ተስፉ። «ምናልባት ምንም አይደለም። ከቢጫነቱ ይምጣ ከሌላ እኔ አላውቅም። ምርመራውም ለዚሁ ነው።»

ወይዘሮ ትርሓስ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ። ሲመለሱ ከመታወቂያቸው ጋር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል።

«ቀለም ሲቀባ ጠፋ አላልሽም?» አሉ የሺመቤት።

«ደብቄው ነው። ዋይ ኣነ! ልጅቷ ቆንጆ ሆና ተወለደች፣ አራስ ጥየቃ የሚመጣው ሰው ብዛት! ዓይን አለ። ስለዚህ ጫጩት ናት፣ አንድ ኪሎ ተኩል ናት እያልኩ አሳነስኳት። ቢጫ መሆኗስ እውነት ነው፤ ሁለት ቀን ሰማያዊ መብራት ሥር ተኝታለች። ኪሎውን ግን ስናገረው ስናገረው እኔው ራሴ አመንኩት።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ስታከራክሪኝ!»

«አንቺስ ጋቢ መዝነሽ!»

ተስፉ ወረቀቱን ተቀብሎ ኪሎውን ቅጹ ላይ ጻፈ፤ ጋቢው ተቀንሶ ከተገኘው ብዙም አልራቀም። ሰዓቱን አየ፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፣ እማማ። የጻፍኩት ለቤተሰቡ ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት፤ ደንቡ ነው።»

ትርሓስ በሩ ላይ የቆመውን እንድሪስን አዩት። እንድሪስ ጎሮ ውስጥ ወሬ የማይሸጥበት ቀን የለውም።

«ልውጣ እንዴ?» አለ እንድሪስ፣ እግሩን ሳያነቃንቅ።

ትርሓስ ወደ ኣርያም ዞሩ። በቀኟ በኩል ቆመው ስሟን ቀስ ብለው ጠሩ። ልጅቷ የፀሐይ ጨረር በቢጫ እርሳስ ትሥል ነበር፤ አልዞረችም።

«አትውጣ» አሉ ትርሓስ። ከዚያ ወደ ተስፉ፤ «አንብበው ልጄ፣ ጮክ ብለህ። መስኮቱንም ወለል አድርገህ ክፈተው። ዓይን ያለው ይምጣ፤ እኔና የሺመቤት ነገ ጠዋት ልጃችንን ይዘን አትላስ እንሄዳለን።»