የጋሽ ሚሊሜትር ኪስ

ጋሽ ሚሊሜትር ግትር ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ፣ የግራና የቀኝ እጅጌ በክር ውፍረት ከተበላለጠ ኮቱን ተርትረው እንደገና የሚጀምሩ ሰው ናቸውና። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ቢነጫነጭ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ማስተማር እንጂ መማር አይሆንለትም። እኔን ካላመናችሁ ሆስፒታል ያስተማረቻቸውን ሲስተር ጠይቁ።

ስኳር በሽታ ከያዛቸው ሃያ ዓመት አልፏል። ሥራ ሲበዛባቸው የኢንሱሊን መርፌያቸውን ይረሱታል፤ ትዝ ሲላቸው ደግሞ ደርበው ይወጋሉ። ከጥቂት ወራት በፊት ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ የስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፣ እግዜር ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ግን ልጅቱ እንቅልፍ የላትም። ስኳራቸውን የምትለካው እሷ፣ መርፌውን የምትወጋው እሷ፣ ካልሲያቸውን ሳይቀር የምታደርግላቸው እሷ ሆነች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ምን ይላሉ፣ ለመዱት።

ሐኪሙ በወገብ የሚታጠቅ ፓምፕ አዘዘላቸው። ከሲጋራ ፓኮ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለውን ኢንሱሊን በቀጭን ቱቦ አድርጎ፣ ሆድ ላይ ወደተለጠፈች መሰኪያ ቀንና ሌሊት ጠብ ጠብ ያደርጋል። ግን ማንም ተነስቶ አይታጠቀውም። መጀመሪያ ሲስተሯ ዘንድ መማር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ሲስተሯ «ብቻቸውን ይችላሉ» ብላ መፈረም አለባት።

የዚያች ፊርማ ነገር ደግሞ የጋሽ ሚሊሜትር ብቻ አልነበረም። ልጃቸው የመሬት ልኬት ባለሙያ ናት፤ የሚሊሜትር ልጅ ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል? የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ትልቅ ድልድይ ሊሠራ ነው፣ ለልኬቱም እሷን መርጠዋታል። መልሷን እስከ መጪው ሰኞ ይጠብቃሉ። ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። እሳቸው ግን በስልክ «አባቴን ለማን ጥዬ? ብቻውን ካልቻለ ይቅርብኝ» ስትል ሰምተዋታል። የሰሙ ዕለት እራት አልወረደላቸውም።

የሥልጠናው ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የእጅ አስተጣጠብ የሚያሳይ ሥዕል፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በሆድ ፈንታ የተቀመጠ ወፍራም ስፖንጅ አለ። ሲስተሯ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ቃሏ ግን የማይታጠፍ ሴት ናት። የፓምፑን የመድኃኒት ማጠራቀሚያ ለልምምድ ውሃ ሞልታ ሁሉንም አንድ ጊዜ ሠርታ አሳየቻቸው። ከዚያ ሁለት እጆቿን የጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«አሁን ደግሞ እርስዎ» አለች።

ጋሽ ሚሊሜትር ማጠራቀሚያውን ሞሉ፤ አልከፋም። ክዳኑን ሲመልሱት ግን አልገጥም አላቸው። ቀና ብለው ሲስተሯን አዩአት።

«ያዝ አታደርጊልኝም?»

«አላደርግልዎትም፣ ጋሼ።»

«ኧረ ተይ። ሰው ሲቸገር እጅን ኪስ ከቶ ማየት ደግ ነው?»

«ቤትዎ አብሬዎት አልሄድማ።»

ጋሽ ሚሊሜትር ተቀየሙ። በእሳቸው ቤት እጁን ኪሱ ከቶ የሚቆም ሰው ሥራ ፈት ነው። ልጅቱም አላስቻላትም፤ ብድግ ብላ ክዳኑን ቀጭ አደረገችው። ሲስተሯ ወረቀቷ ላይ የኤክስ ምልክት አደረገች።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ጋሽ ሚሊሜትር ቶሎ ለመገላገል መሰኪያውን ስፖንጁ ላይ ለጠፉ፣ ቱቦውን ከመሰኪያው ጋር አገናኙ፣ ከዚያ አየሩ እንዲወጣ «ቱቦ ሙላ» የሚለውን ተጫኑ። ውሃው በቱቦው ሄዶ ሄዶ ስፖንጁ ውስጥ ገባ።

«ቱቦው የሚሞላው ከሆድ ጋር ሳይገናኝ ነው ብዬዎት ነበር» አለች ሲስተሯ። «ይህ ሆድዎ ቢሆን የስንት ሰዓት መድኃኒት በአንዴ ገባልዎት። እንደዚያን ቀን መኪናዎ ላይ ይደፉ ነበር።»

ሁለተኛው ቀን ላይም ያንኑ ደገሙት። ቅደም ተከተሉን በቃል ይወጡታል፤ እጃቸው ግን የራሱን ይሠራል። ልጅቱ መስኮቱ ጋ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። ለጋሽ ሚሊሜትር ያን ጊዜ የታያቸው ስፖንጁ አይደለም፣ ድልድዩ ነው።

ሲስተሯ ወረቀቷን ወደ ጎን አድርጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በሉ የስፌት መኪናዎን ያስተምሩኝ» አለች።

«ምኑን?»

«እኔ አዝራር መትከል እንኳ አላውቅም። ከምን ልጀምር?»

ፊታቸው በራ። ሁለት ቀን ሙሉ ተማሪ ሆነው አንገታቸውን የደፉ ሰው ቀና አሉ። «ክሩን ከጥቅሉ ታመጪዋለሽ። በመንገዱ ታሳልፊና መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ከዚያ ስንዝር ያህል ሳብ አድርገሽ ታስቀሪያለሽ።»

«ጨርቁ ከመኪናው እግር ሥር ሆኖ?»

«ምን ነካሽ ልጄ? ጨርቁ ገብቶማ ክር አይሳብም። መጀመሪያ ክሩ ይሳባል፣ ጨርቁ በኋላ ይገባል። ይሄን እኮ መርፌ የያዘ ሁሉ...»

አልጨረሱትም። ቱቦውን አዩት፤ ስፖንጁን አዩት።

«ሆዴ ጨርቁ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እርስዎ ነዎት ያሉት» አለች ሲስተሯ።

ከዚያ ወዲያ ያን ስሕተት አልደገሙትም። ሲስተሯ ግን አልጨረሰችም፤ ወደ ልጅቱ ዞራ ልክ ልኳን ነገረቻት። «ስለምትወጃቸው ነው፣ ይገባኛል። ግን እጅሽን በዘረጋሽ ቁጥር አባትሽ አንድ ነገር ሳያውቁ ቤታቸው ይገባሉ። እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ።»

«ልብሴ ኪስ የለውም» አለች ልጅቱ፤ እንባዋ መጥቷል።

«እንግዲያው ከኋላሽ አድርጊው።»

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሚሊሜትር ሦስት ጊዜ ሠርተው ሦስቱንም አገኙት። ሲስተሯ እውነተኛውን መድኃኒት አስሞልታ እውነተኛውን ፓምፕ አስታጠቀቻቸው። ፊርማዋን ግን ለሰኞ አቆየችው። እስከዚያ ማንም ካልነካላቸው ትፈርማለች፤ አንድ ሰው ጣቱን ካሳረፈበት ከሀ ይጀመራል። ውሉ ይኸው ነበር።

ቤት እንደገቡ ጋሽ ሚሊሜትርን ያበሳጫቸው ፓምፑ ሳይሆን ማንገቻው ነው። አብሮት የመጣው ከረጢት ሰፊ ነው፤ ሲራመዱ ይወዛወዛል፣ ስፌቱም ጠማማ ነው። «ይሄን የሰፋው ሰው እጁ ላይ ስንት ጣት አለው?» አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት መቀሳቸውን አንስተው ከተረፈ ጥቁር ሱፍ ኪስ ሰፉለት። ፓምፑ ሲገባ በጎኑ ጥፍር አያስገባም። የቱቦውን መውጫ ልክ በቱቦው ውፍረት ቀደዱ፣ ጠርዙን ደረብ አድርገው ሰፉና በካውያ ተጫኑት። ከዚያ ታጥቀውት መስታወት ፊት ዞር ዞር አሉ።

«አሁን ይሄን ሰውዬ በሽተኛ የሚለው አለ?»

«ሙሽራ ነው የምትመስለው፣ አባዬ» አለች ልጃቸው። የሳቀችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

እሑድ ረፋድ ላይ ፓምፑ ጮኸ። መስኮቱ ላይ «ቱቦ ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ልጅቱ ልብስ ስትተኩስ ነበር። ካውያውን አቁማ ሮጣ ደረሰች፣ እጇ ወደ ወገባቸው ተዘረጋ። ከዚያ መሃል ላይ ቀረ። ሁለቱንም እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች። ፊቷ አመድ መስሏል።

ጋሽ ሚሊሜትር ፈሩ። ውሸት ምን ያደርጋል። ቱቦውን እንደታጠቁት ጎተት ጎተት ሊያደርጉት ሲሉ ጨርቁ ትዝ አላቸው። የተዘጋ ቱቦ ሲከፈት የታፈነው መድኃኒት በአንዴ ሊገባ እንደሚችል ሲስተሯ ነግራቸዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦውን ከሆዳቸው ለዩት። ስኳራቸውን ለኩ፤ ከፍ ብሏል፣ ገና ግን የሚያስደነግጥ አልነበረም። አዲስ ቱቦ አውጥተው ገጠሙና ሞሉት፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ታየች። ፓምፑን ኪሱ ውስጥ መልሰው፣ ሆዳቸው ላይ ሳይሰኩ፣ ለመተማመኛ ደግመው ሞሉ። ጠብታ የለም። ፓምፑም እንደገና ጮኸ።

ከኪሱ ሲያወጡት ጠብ ጠብ ይላል። ሲመልሱት ይዘጋል።

ያን ጊዜ ኪሱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። በካውያ የተጫኑት ጠርዝ ቱቦውን አጥፎ ደፍጥጦታል። አርባ ዓመት ሙሉ «ልብስ ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ሁለት ጣት ተዉለት» እያሉ ስንቱን ልብስ ሰፊ ሲቆጡ ኖረው፣ ለገዛ ሕይወታቸው ሲሰፉ ትንፋሽ ነፈጉ። ጋሽ ሚሊሜትር ብቻቸውን ሳቁ። ፓምፑን ጠረጴዛው ላይ አርቀው አስቀመጡ፣ ኪሱን በምላጭ ተረተሩት፣ መውጫውን ሰፋ አደረጉት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመሩ። ያልታጠፈ ቱቦ ገጠሙ፣ ሞሉት፣ ጠብታዋን አዩ፣ አዲስ መሰኪያ በሌላው ጎናቸው ለጠፉ፣ መጨረሻ ላይ አገናኙት። ጨርቁ በኋላ ገባ። ፓምፑም ዝም አለ።

ስኳራቸው እስኪወርድ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ልጅቱ ከግድግዳው የተላቀቀችው ቁጥሩን ሲያሳዩአት ነው።

«አሁን እጅሽን አምጪው» አሏት።

ዘረጋችላቸው። ሁለቱም መዳፎቿ ላይ ጥፍሮቿ የተተከሉበት አራት አራት ምልክት ነበር። ጋሽ ሚሊሜትር ምልክቶቹን አዩና ቃል አጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ምንም ያልነካውን መስታወት ሲጠርጉ ቆዩ።

ሰኞ ለሲስተሯ ምንም ሳይሸሽጉ ነገሯት። «ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም፣ የሰፊው ነው» አሉ። ሲስተሯ የተተረተረውን ኪስ አገላብጣ አየችው።

«ማን ነካልዎት?»

«ማንም።»

ልጅቱን አየቻት። ልጅቱ መዳፏን ከፍታ አሳየቻት፤ ምልክቱ ገና አልጠፋም። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አወጣችና «ብቻቸውን ይችላሉ» ከሚለው ሥር ፈረመች። ልጅቱ ወዲያው ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ስልኳን ደወለች። እጀምራለሁ ስትል በበሩ በኩል ተሰማ።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሏት ጋሽ ሚሊሜትር ሲስተሯን። «ያዝ አድርጊልኝ ስልሽ እሺ ብትዪኝ ኖሮ እኔም እዚያው መኪናዬ ላይ፣ ይቺም ልጅ እዚሁ ቀርታ ነበር። ቀን ይውጣልሽ።»

«አሜን። ምርቃቱን ተቀብያለሁ» አለች ሲስተሯ። «ግን ያን ኪስ ሁለት ጣት ጨምረው ለሌሎቹ ታማሚዎቼም ይስፉልኛል። የእኛ ከረጢት ስፌቱ እውነትም ጠማማ ነው።»

ልጅቱ የሄደችው በሳምንቱ ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ቻው ልትላቸው ስትጠጋ ዓይኗ ወገባቸው ላይ አረፈ፤ ቱቦው ከሸሚዛቸው ሥር ትንሽ ብቅ ብሏል። እጇ ሳታስበው ተዘረጋ። ከዚያ መለሰችውና ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ያ ጃኬት ድሮ ኪስ አልነበረውም። ጋሽ ሚሊሜትር ናቸው በዋዜማው ሁለት ጥልቅ ኪስ የሰፉበት።

ቱቦውን ራሳቸው ወደ ውስጥ አስገቡት።

«እጅሽ ይባረክ» አሏት።

«ምን ሠራሁበትና፣ አባዬ?»

«ምንም» አሉ። እሑድ ዕለት ያቃታቸው ቃል አሁን ወጣላቸው። «ምንም አልሠራሽበትም፣ ልጄ። እሱን ነው የምመርቀው።»