የቁጣ ምት በግራ

አርጩሜው የቬንደልን ቁርጭምጭሚት ሾጥ አደረገው።

«እግር!» አለ መምህር ዮብስት። «እጅህ በቀኝ ይመታል፣ እግርህ በግራ ይሄዳል። ሁለት ጌታ ያለው በሬ ይመስል!»

በግድግዳው ሥር የተደረደሩት ወጣቶች ሳቁ። ሁሉም እንደ ቬንደል ቀን ቀን የቀበሮና የበግ ለምድ እየሰፉ፣ እሑድ እሑድ ሰይፍ የሚማሩ ናቸው። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የኩንትስ ሳቅ ነበር። ኩንትስ ያው ልማዱ ነው፤ ሰው ሲዋረድ ካላየ ምሳው አይዋጥለትም።

ቬንደል ጥርሱን ነክሶ ሰይፉን ወደ ቀኝ ትከሻው መለሰ። ስለቱ የደነዘዘ የመለማመጃ ሰይፍ ነው፤ ቢሆንም በሁለት እጅ የሚያዝ ረዥም ብረት ነውና አናት ላይ ካረፈ ደም ሳያወጣ አይመለስም። ቀኝ እጅ ከላይ፣ ግራ እጅ ከታች። በጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ ሰው ሰይፍ የሚይዘው እንዲህ ነው። ቬንደል ግን ከእናቱ ማኅፀን ግራኝ ሆኖ ወጣ፤ ምን ያድርግ? ማንኪያ በግራ ሲያነሳ ተመታ። መርፌ በግራ ሲይዝ ተመታ። እጁ በስንት ዱላ ቀኝ መሆንን ተማረ። እግሩን ግን ማንም ልብ ያለው አልነበረምና እንደ ተፈጠረ ቀረ።

ነገ ማለዳ ከተማውን ለቅቆ ይወጣል። ሙያውን የጨረሰ ወጣት ሁሉ ስንቁን አንግቶ፣ አገር ላገር እየዞረ በባዕድ ጌታ ቤት መሥራት አለበት፤ ደንቡ ነው። በየሄደበት የሰይፍ ቤት አይጠፋም። ግን «የዮብስት ተማሪ ነኝ» ለማለት ያልተፈቀደለትን ከደጃፍ አያሳልፉትም። ያ ፈቃድ የሚገኘው ደግሞ ዛሬ፣ ዋናዎቹን ምቶች በሰው ፊት ላሳየ ነው፤ የቁጣውን፣ ጠማማውን፣ አግድሙን፣ ሸውራራውንና የአናቱን። ቬንደል ገና ከመጀመሪያው አልተሻገረም።

ያውም የቁጣው ምት! የተናደደ ገበሬ ሳይማር የሚመታው ነው እኮ፤ ከትከሻ ተነስቶ በሰያፍ መውረድ። ጥበቡ እግር ላይ ነው። እጅ ሲወርድ የዚያው ወገን እግር አብሮት ካልተራመደ፣ ምቱ ነፋስ ነው።

«እንደገና» አለ መምህሩ።

መታ። እግሩ ዳግመኛ ከዳው።

መምህር ዮብስት አርጩሜውን ጣለና በረዥሙ ተነፈሰ። «ልጄ፣ ልብህ ደህና ነው። ሰይፍ ግን አልተሰጠህም። ብረቱን መሬት አኑርና ሂድ፤ እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ።»

ቢሰድበው ይሻል ነበር። ያ የርኅራኄ ድምፅ ከአርጩሜው ይልቅ አንገበገበው።

ጎንበስ ብሎ ሰይፉን መሬት አኖረው። አኖረና ቀና ሳይል ቆየ። በዚያ ቤት መሬት ላይ ያለ ሰይፍ ግብዣ ነው፤ ያነሳው ሰው ተጋጣሚ ይሰጠዋል፣ እምቢ ማለት የለም። ግራ እጁ ተዘረጋች፤ ከላይ፣ ከእጀታው መስቀለኛ ብረት ሥር ገብታ ጨበጠች። ቀኙ ከታች ተከተላት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አነሳሁ፣ መምህር።»

«በግራ?»

«በእጄ።»

«ጉድ በሉ!» አለ ኩንትስ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»

መምህሩ አልሳቀም። «በግራ የተሰነዘረ ምት በዚህ ቤት አይቆጠርም። እጅህን አዙር።»

«አላዞርም!» ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «አባቴ አዞረኝ፣ አሠሪዬ አዞረኝ፣ እርስዎም ይኸው እስከ ዛሬ አዞሩኝ። የት ደረስኩ? ያነሳ ይጋጠም ነው ደንቡ። አንስቻለሁ።»

ኩንትስ እጅጌውን እየሰበሰበ ብድግ ሲል መምህሩ በእጁ አገደው።

«ቁጭ በል፤ ያንተ አይደለም።»

የራሱን ሰይፍ ከግድግዳው አወረደ። በዚያ ሽበታም አናት ላይ ብረት ያረፈበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ቬንደል ሰይፉን ወደ ግራ ትከሻው ወሰደ። ግራ እግሩ ማንም ሳያዘው ከኋላ ተተክሎ ጠበቀ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ የዋጠው ሁሉ አንድ ላይ ወረደ፤ እጅና እግር፣ እኩል። ብረት ከብረት ተፋጨ። የሽማግሌው ሰይፍ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ የቬንደል ሰይፍ ጫፍ ግንባሩን ገረፍ አድርጎ ቆመ።

ከሽበቱ ሥር ቀይ ጠብታ ብቅ አለች።

ወጣቶቹ ሁሉ ተነስተው ቆሙ። መምህር ዮብስት ጣቱን ግንባሩ ላይ አሳርፎ ደሙን አየው፤ ከዚያ ቬንደልን አየው።

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ፣ ዕድሜ ልኩን አንድ ዓይነት ሲቆሙ የኖሩትን እግሮቹን አነሳና ለግራኝ በሚሆን አቋቋም እንደ አዲስ ተከላቸው። የመጀመሪያው አረማመድ አልጥም አለው፤ አስተካከለው።

«አሁን ሁለተኛው ምት፤ ጠማማው» አለ።

ደሙ ቅንድቡ ላይ ደርሶ ነበር። አልጠረገውም።

ቬንደል ሰይፉን አነሳ።